ከአፍንጫ ወደ ራስ ቅል፦ ካንሰር ያልሆኑ የአፍንጫ ዕጢዎች ቀዶ ሕክምና ከጎንደርና ከሰሜን ጎንደር ደጋ አንጻር

ካንሰር ያልሆነ ዕጢ የሚባለው ሴሎቹ በደም ተጉዘው በሌላ የሰውነት ክፍል አዲስ ዕጢ የማይተክሉ፣ በበቀለበት ቦታ ብቻ እየፋፋ የሚሄድ ዕጢ ነው። ይህ ፍቺ በክንድ ወይም በጀርባ ቆዳ ሥር ለወጣ እብጠት በቂ መጽናኛ ይሆናል፤ በአፍንጫ ውስጥ ለበቀለ ዕጢ ግን አይበቃም። የአፍንጫ ጣሪያ የአንጎል ወለል፣ የአፍንጫ የጎን ግድግዳ ደግሞ የዓይን ቤት ግድግዳ ስለሆነ፣ ወደ ሌላ አካል የማይሠራጨው ዕጢ እንኳ በጊዜ ብዛት አጥንቱን ገፍቶና አሳስቶ ወደ ዓይን ወይም ወደ ራስ ቅል ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለውን ዕጢ ስለሚያወጣው ቀዶ ሕክምና በዓለም ላይ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በአብዛኛው የደም ሥር በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ የሚዘጋበትን ክፍል፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪምን፣ የደም ባንክንና የምስል ማሽንን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገኙ ሆስፒታሎች ያካበቱት ልምድ ነው። ያ ልምድ ከጃናሞራ ወይም ከዳባት ተነሥቶ ጎንደር ለሚደርስ ታማሚ ምን ያህል እንደሚሠራ መመርመር የዚህ ዳሰሳ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ የቦታውን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። አፍንጫን ከአንጎል የሚለየው አጥንት የሽታ ነርቮች የሚያልፉበት በመሆኑ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ግራና ቀኙም ከሰው ሰው በሚለያይ ጥልቀት ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ኬሮስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1962 ይህን ጥልቀት ከ1 እስከ 3፣ ከ4 እስከ 7፣ ከ8 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ብሎ በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የጎኑ አጥንት ይበልጥ ስለሚሳሳ፣ ቀዶ ሐኪሙ ሳያስበው ወደ አንጎል የመግባቱ ዕድልም ይጨምራል። ወደ ኋላ ሲኬድ ስፌኖይድ የተባለው የራስ ቅል አጥንት ባዶ ክፍል ይገኛል፤ ከጎኑ ለአንጎል ደም የሚያደርሰው የውስጠኛው ካሮቲድ ደም ቅዳ፣ ከላዩ ደግሞ የዓይን ነርቭ ያልፋሉ፤ በአንዳንድ ሰዎች በደም ቅዳውና በዚህ ክፍል መካከል አጥንቱ ጭራሽ የለም። ሰዎች በተለምዶ ለማንኛውም የአፍንጫ ሕመም «ሳይነስ» የሚል ስም ይሰጣሉ፤ ይህ ልማድ የችግሩን ቦታ አንድ አድርጎ ስለሚያሳይ ብቻ እንኳ ከሕክምና ንግግር ቢወጣ ይመረጣል።

ከእነዚህ ዕጢዎች መካከል ለቀዶ ሐኪም ትልቁን ፈተና የሚያቀርበው አንጂዮፋይብሮማ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው የደም ሥሮችና የጅማት ዓይነት ሥጋ ቅይጥ ነው፤ የሚይዘውም ከሞላ ጎደል በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ወንዶችን ብቻ ነው። ከራስና ከአንገት ዕጢዎች ሁሉ ግማሽ በመቶውን እንኳ አይሞላም። ሆኖም የደም ሥሮቹ ግድግዳ እንደ ጤናማ ደም ሥር የሚኮማተርበት ጡንቻ ስለሌለው፣ አንዴ ከተነካ ደሙ በራሱ ለመቆም ይቸገራል፤ ይህ አንድ ባሕርይ የምርመራውንም የቀዶ ሕክምናውንም መንገድ ይወስናል። ዕጢው የሚጀምረው ከአፍንጫ ኋላ በጎን በኩል፣ የአፍንጫ ዋና ደም ቅዳ ከሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ አጠገብ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፊት አፍንጫን ይዘጋል፤ ወደ ጎን በላይኛው መንጋጋ ጀርባ አልፎ ጉንጭን ያሳብጣል፤ ወደ ላይ በዓይን ቤት ስንጥቅ ወይም ነርቮች በሚያልፉባቸው ቦዮች በኩል ወደ ራስ ቅል ይደርሳል። ከታማሚዎቹ ከአሥሩ አንዱ ወይም ሁለቱ በዚህ ደረጃ ላይ ሆነው እንደሚገኙ በብዙ አገር የተሠሩ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ታማሚ ዘግይቶ በሚመጣበት አካባቢ ይህ ድርሻ ከፍ ይላል። ራስ ቅል ውስጥ የገባው ዕጢ በአብዛኛው ዱራ የሚባለውን ጠንካራ የአንጎል ሽፋን ይገፋዋል እንጂ አይበሳውም፤ ከባድ መስሎ የሚታየውን ሥራ የሚቻል የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የበሽታው ሁለት ምልክቶች ያንድ ወገን አፍንጫ መዘጋትና የሚደጋገም ነስር ናቸው። በደጋው አገር የሚፈጠረው መዘግየት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ነስር በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ዙሪያ እንግዳ ነገር አይደለም። ብርድ ባለባት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ በምትገኘው ደባርቅ፣ ደረቁና ቀዝቃዛው አየር የአፍንጫን ልባስ ያደርቀዋል፤ ልጆችም ደጋግመው ይነስራቸዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ አልቅት አለ። ከምንጭና ከኩሬ ውኃ በአፉ የጠጣ እረኛ ውኃው ውስጥ ያለችውን ትንሽ አልቅት አብሮ ሊውጣት ይችላል፤ አልቅቷም ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ ጀርባ ወጥታ ትጣበቃለች፤ በሳምንታት ውስጥ ደም መጥጣ ትወፍርና ባንድ ወገን የሚወርድ ነስር ታስከትላለች። ስለዚህ ወላጅም ሆነ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ባንድ ወገን የሚነስረውን ልጅ ሲያይ አስቀድሞ አልቅትን መጠርጠሩ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው አልቅቷ ተፈልጋ ሳትገኝ፣ ወይም ተነቅላም ነስሩ ሳይቆም ሲቀር ጥርጣሬው ወደ ሌላ ሳይሸጋገር ሲቀር ነው። ዕድሜው ከአሥር እስከ ሃያ አምስት የሆነ ወንድ ባንድ ወገን አፍንጫው ተዘግቶ ደጋግሞ ሲነስረው ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ አንጂዮፋይብሮማ እንዳለው መገመት ይገባል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በየጤና ጣቢያው ቢታወቅ ከማንኛውም አዲስ መሣሪያ የበለጠ እንደሚጠቅም በድፍረት መናገር ይቻላል።

በመካከል የሚያልፈው ጊዜም ባዶ አይደለም። ታማሚው ጠበል ይጠመቃል፤ ይህ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ ሕክምናው በዚያ ምክንያት ሲዘገይ ነው። እንጥል መቁረጥ ለዘመናት በኖረበት አካባቢ ግን የአፍንጫና የጉሮሮ ሕመም ያለበት ልጅ ወደ ቆራጭ ሊወሰድ መቻሉ የተለየ አደጋ አለው። ወደ ጉሮሮ የተንጠለጠለ ቀይ ሥጋ በአፍ በኩል ሲታይ ለመቁረጥ ይጋብዛል፤ ያ ሥጋ አንጂዮፋይብሮማ ከሆነ ግን ምላጩ የነካው ልጅ ከመንደሩ ሳይወጣ ደሙ ሊያልቅ ይችላል። ይኸው ማስጠንቀቂያ ለሐኪሞችም ይሠራል፤ ለሌላ ዕጢ ሁሉ ተገቢ የሆነው ናሙና መውሰድ ለዚህ ዕጢ በመታከሚያ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም። በሌላ ዕጢ ናሙና ከምስል ሊቀድም ይችላል፤ እዚህ ግን የግድ ምስል ይቀድማል።

ምስሉ ብዙ ጊዜ ናሙናውን ሳያስፈልግ ያስቀረዋል። ሆልማንና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1965 እንደገለጹት፣ ዕጢው ከኋላ ስለሚገፋው የላይኛው መንጋጋ ባዶ ክፍል የኋላ ግድግዳ ወደ ፊት እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ይህ ጉብጠት በሲቲ ስካን ከታየ፣ የዕጢው ሥጋ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት አብዝቶ ከወሰደ፣ ታማሚውም ጎረምሳ ወንድ ከሆነ የበሽታው ማንነት ከሞላ ጎደል ተረጋግጧል። ሲቲ ስካን የተበላውን አጥንት ያሳያል፤ ኤምአርአይ ደግሞ ዕጢውን ከአንጎል ሽፋንና በተዘጋው ባዶ ክፍል (ሳይነስ) ውስጥ ከተጠራቀመው ፈሳሽ ይለያል። ሁለቱን ማግኘት ካልተቻለ ቀድሞ መፈለግ ያለበት ጥሩ ሲቲ ስካን ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነው የአጥንቱ ሁኔታ ነውና።

ዕጢው ምን ያህል እንደተስፋፋ ለመመደብ የተለያዩ ሥርዓቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የራድኮውስኪ ምደባ ከአፍንጫ ያልወጣውን ዕጢ አንደኛ፣ ወደ መንጋጋ ጀርባና ወደ ጉንጭ የሄደውን ሁለተኛ፣ የራስ ቅልን መሠረት የበላውን ሦስተኛ ደረጃ ብሎ፣ ሦስተኛውን እንደ አገባቡ ስፋት ለሁለት ይከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፒትስበርግ የወጣው የስናይደርማን ምደባ በበኩሉ ዕጢው በካቴተር ደሙ ከተዘጋ በኋላ ምን ያህል ደም ሥር እንደቀረለት ይመዝናል። ሁለተኛው ይበልጥ የተራቀቀ ቢሆንም፣ ደም ሥር በካቴተር መዝጋት በማይገኝበት ቦታ ሚዛኑ ግማሽ አካሉን ያጣል፤ በዚህ ምክንያት ለጎንደር የሚመቸው የቆየው ምደባ ነው።

ይህ ነጥብ ወደ ደም ጥያቄ ያደርሳል። በሀብታም አገሮች የተለመደው ሥርዓት ከቀዶ ሕክምናው 24 እስከ 72 ሰዓት ቀድሞ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ዕጢውን የሚመግበውን ደም ቅዳ በጥቃቅን ፍሬዎች መዝጋት ነው። ይህን የሚሠራ ባለሙያና ማሽን በኢትዮጵያ ከዋና ከተማው ውጭ ብርቅ ነው። ታዲያ ያለ እሱ ምን ይደረጋል? መልሱ በቀላል ሒሳብ ይጀምራል፤ 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 3 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ትልቅ ዕጢ ሲወጣ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ መፍሰሱ የተለመደ ስለሆነ፣ ልጁ የደሙን ሲሶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያጣ ይችላል። ለወራት የነሰረው ልጅ ደግሞ ቀድሞውኑ ደሙ አንሷል። ስለዚህ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ደም ማነስን በብረት ማከም፣ ተዛማጅ ደም በቂ ከረጢት በማቀዝቀዣ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ቤተሰብ ደም እንዲለግስ ማስረዳት የቀዶ ሕክምናው አካል ነው። በጠረጴዛው ላይ ደግሞ የውጨኛውን ካሮቲድ ደም ቅዳ በአንገት በኩል ፈልጎ ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው ማሰር፣ ወይም ከመንጋጋ ጀርባ ሆኖ ዕጢውን የሚመግበውን ቅርንጫፍ መጀመሪያ መቁረጥ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው የደም ግፊቱን በመጠኑ ዝቅ አድርጎ እንዲይዝ ማድረግ፣ ደም የሚያረጋ መድኃኒት መስጠት ይቻላል። የታሰረው ደም ቅዳ ከዓመታት በኋላ በሌሎች ቅርንጫፎች መተካቱ ዕጢው ቢመለስ በካቴተር የሚገባበትን መንገድ ስለሚዘጋ፣ ይህ ዘዴ ዋጋ እንዳለው መታወቅ አለበት፤ ያም ሆኖ ልጁ ከጠረጴዛው በሕይወት መነሣቱ ይቀድማል።

ወደ ዕጢው ስለሚወስደው መንገድ የሚደረገው ክርክር ረጅም ታሪክ አለው። ቀደምቱ ቀዶ ሐኪሞች አፍንጫን ከጎን በኩል ከዓይን ሥር እስከ ላይኛው ከንፈር ድረስ ሰንጥቀው ይገቡ ነበር፤ ትንሹን ዕጢ ደግሞ ላንቃን ከፍተው ያወጡ ነበር። ኋላ ከላይኛው ከንፈር ሥር ብቻ በመቁረጥ የፊት ቆዳን ወደ ላይ ገፎ መንጋጋውን የሚከፍተው ዘዴ መጣ፤ ፊት ላይ ጠባሳ አለመተዉ ለጎረምሳ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሆፕኪንስ ባለ ዘንግ ሌንስ ኢንዶስኮፕ ከሠራ በኋላ፣ በተለይም በግራዝ የነበሩት ሜሰርክሊንገርና ስታምበርገር የሳይነስን ሕክምና በዚህ መሣሪያ ላይ ከመሠረቱ ወዲህ፣ በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ብቻ የሚሠራው ሥራ ከዓመት ዓመት ድንበሩን ወደ ራስ ቅል አስፍቷል። ዛሬ በሠለጠኑ እጆች አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ አንጂዮፋይብሮማ፣ አንዳንዴም የሦስተኛው ጅማሬ በኢንዶስኮፕ ይወጣል፤ ሁለት ቀዶ ሐኪሞች በሁለቱ ቀዳዳዎች አራት እጅ ሆነው ይሠራሉ፤ ደም የሚፈሰው ይቀንሳል፤ ታማሚውም ቶሎ ከሆስፒታል ይወጣል።

ከዚህ ተነሥቶ ክፍት ቀዶ ሕክምና ጊዜው አልፎበታል የሚል ድምዳሜ መስጠት ግን ለጎንደር አይበጅም። ኢንዶስኮፑ ደም በሸፈነው ጊዜ ዓይኑ ይጠፋል፤ ደም ሥሩ በካቴተር ሳይዘጋ በትልቅ ዕጢ ላይ ሲሠራ የሚታየው ቀይ ኩሬ ብቻ ይሆናል፤ በዚያች ደቂቃ ከላይኛው ከንፈር ሥር የተከፈተ ሰፊ መንገድ ሁለት እጅ ለማስገባት፣ ጨርቅ ለመጠቅጠቅና ደም ቅዳውን ለማሰር ያስችላል። በመሆኑም ትንሹን ዕጢ በኢንዶስኮፕ፣ ትልቁን ከከንፈር ሥር በሚከፈተው መንገድ ኢንዶስኮፑን እንደ ረዳት ዓይን አድርጎ ማውጣት፣ ወደ ራስ ቅል በሰፊው የገባውን ደግሞ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ወዳለበት መላክ በአሁኑ አቅም ትክክለኛው ምርጫ ይመስላል። በኢትዮጵያ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 በመሆኑ፣ የከአንገት በላይ ሐኪምና የአንጎል ቀዶ ሐኪም ባንድ ጠረጴዛ የሚቆሙበት ልማድ በአገሪቱ ገና ወጣት ነው።

የራስ ቅል መሠረት ተከፍቶ የአንጎል ሽፋን ከተቀደደ የአንጎል ፈሳሽ እንደ ንጹሕ ውኃ በአፍንጫ ይወርዳል፤ ከአፍንጫ ወደ አንጎል የተከፈተው መንገድም ለማጅራት ገትር ያጋልጣል። ስፋት ያለውን ቀዳዳ በአስተማማኝ መንገድ መድፈን ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። የአርጀንቲናዎቹ ሐዳድና ባሳጋይስቴጊ የአፍንጫን መሀል ግድግዳ ልባስ ከነደም ሥሩ ገልብጦ ቀዳዳውን የሚሸፍነውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 ካሳወቁ ወዲህ ግን ፈሳሽ የሚያፈስሱት ታማሚዎች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ይህ ዘዴ ውድ ዕቃ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የአካሉን አቀማመጥ የሚያውቅ እጅና ልባሱ ቀድሞ በተደረገ ቀዶ ሕክምና ያልተቆረጠ መሆኑን ነው። ያለ በቂ ዝግጅት «የአፍንጫ ሥጋ» ብሎ የሚቆርጥ እጅ ኋላ የሚያስፈልገውን መጠገኛ ቀድሞ ያጠፋዋል።

ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ሁልጊዜ አይቻልም። ከካሮቲድ ደም ቅዳ ወይም ከዓይን ነርቭ ጋር የተጣበቀውን ቁራጭ አውቆ መተውና መከታተል ከመቀደድ አደጋ ይሻላል። ጨረር ያልወጣውን ዕጢ ሊያቆም ቢችልም፣ በሚያድግ ልጅ ፊትና አንጎል ላይ የሚያስከትለው ጉዳትና ከዓመታት በኋላ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ስላለ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ለረጅም ዘመንም በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። የወንድ ሆርሞንን የሚከለክለው ፍሉታማይድ ዕጢውን በአንዳንድ ጎረምሶች ቢያሳንሰውም፣ ቀዶ ሕክምናውን የሚተካ አልሆነም።

የጎልማሶች ተራ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። እነርሱን የሚይዘው ዕጢ የተገለበጠ ፓፒሎማ ይባላል፤ የአፍንጫ ልባስ ወደ ውጭ ከማደግ ይልቅ ወደ ውስጥ እየታጠፈ የሚያድግ ዕጢ ነው፤ በአብዛኛው ከአምሳ ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን ይይዛል። ደሙ አያስፈራም። የሚያስፈራው ከመቶ ታማሚ ከአምስት እስከ አሥር ባሉት ላይ ካንሰር አብሮት መገኘቱ ወይም በኋላ መከተሉ ነው። ከአጥንቱ የተጣበቀበት ቦታ ብዙ ጊዜ በሲቲ ስካን የወፈረ አጥንት ሆኖ ይታያል፤ ቀዶ ሐኪሙ ያን ቦታ አግኝቶ አጥንቱን በመቦርቦሪያ ካልጠረገው ዕጢው ይመለሳል። በመንጠቆ ብቻ እየጎተቱ ማውጣት ብዙኃኑን ታማሚ መልሶ ወደ ሆስፒታል ያመጣዋል። ከዚህ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፤ ከአፍንጫ የወጣ ሥጋ ሁሉ፣ በተለይ ባንድ ወገን የበቀለ፣ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። መጣል ነውር ነው።

የአጥንት ዕጢዎች ብዙ ማብራሪያ አይጠይቁም። ኦስቲኦማ የሚባለው ድንጋይ የመሰለ እብጠት ከመቶ ሲቲ ስካን በሦስቱ ያህል ሳይታሰብ ይገኛል፤ ዓይንን ካልገፋ፣ የሳይነስን መውጫ ካልዘጋ አይነካም። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ፣ ማለትም ጤናማው አጥንት በቃጫ ሥጋ የሚተካበት ሕመም፣ ከጉርምስና በኋላ ብዙ ጊዜ ስለሚቆም ጊዜ ይሰጠዋል። በሕፃን አፍንጫ ውስጥ ያለ፣ ሲያለቅስ የሚያብጥ ለስላሳ እብጠት ግን ዕጢ ሳይሆን ከራስ ቅል ቀዳዳ ያመለጠ የአንጎል ክፍል ሊሆን ይችላል። የነርቭ ቱቦ ጉድለት በኢትዮጵያ ከፍተኛ በመሆኑ ይህ በአእምሮ መያዝ አለበት፤ መርፌ አይነካውም።

ይህ ሁሉ የሚተገበረው በአንድ ሥርዓት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የደረሰውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለገጠሩ ያሠለጠነ ተቋም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርት ቤት ተጨመረለት። ተቋሙ የተወለደበት ሐሳብ ሐኪሙ ወደ መንደሩ እንዲሄድ ነበር፤ አንጂዮፋይብሮማ ደግሞ በመንደር የሚታይ ነገር ግን በመንደር ሊታከም የማይችል ሕመም ነው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው የሪፈር ሰንሰለት በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሕክምናውን ወጪ ቢያቀልልም፣ የመኪናውን፣ የአስታማሚውን ማደሪያና የቀሩትን የእርሻ ቀናት አይሸፍንም፤ ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ የሪፈር ወረቀት ከምልክቱ ጋር የነስሩን ድግግሞሽ፣ የደሙን መጠን በምርመራ፣ አልቅት ተፈልጋ መታጣቷንና «ናሙና አይወሰድ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ቢይዝ፣ ታማሚው በየደረጃው የሚያባክነውን ሳምንት ያሳጥርለታል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ክትትል የሥራው ደካማ ክፍል ነው። ተመልሶ የሚያድግ አንጂዮፋይብሮማ በአብዛኛው አዲስ ሳይሆን በስፌኖይድ አጥንት ሥር የቀረ ቁራጭ ነው፤ የሚታየውም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። ለዚህ ሲባል ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ አንድ ምስል፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ምስል ቢያንስ ለሦስት ዓመት ያስፈልጋል። ልጁ ካገገመ በኋላ ነስሩ ቆሞ፣ በሁለቱም ቀዳዳ ተንፍሶ፣ ወደ መንጋው ወይም ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ለቤተሰቡ በሽታው አልቋል። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ጎንደር ወርዶ ምስል ለመነሣት ቢያንስ ሁለት ቀን የሚፈጅበት ሰው «ምንም ሳያመው» እንዲመጣ ከተፈለገ፣ ቀጠሮው አዝመራ በማይሰበሰብበት ወር መሆኑ፣ ስልክ ቁጥሩ በካርዱ ላይ መጻፉና ጉዞው ከሌላ ጉዳይ ጋር መገጣጠሙ ከቀዶ ሕክምናው ቀን ጀምሮ ከአባቱ ጋር መመከር አለበት።